የኑግ ዘይት ያፈነው ላንድሮቨር፤ ከአምቦ ሐሮ ወንጪ ደርሶ መልስ

ከአምቦ የተነሣነው በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለቀበሌ የተነገረው የጉዞ ምክንያት የእህቴ ተዝካር ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ከመኪናው ኋላ፣ ከጤፍ ጆንያዎቹ ሥር ተጋድሟል፤ ልጄ ደጉ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሦስቱንም ሳምንት ያሳለፈው ቤቴ ኮርኒስ ላይ ነው።

እኔ አስካለ እባላለሁ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከምስክር ወረቀቱ ወዲህ ረጅም ነገር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደል ብገድፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ መንገዱን ግን አልገድፍም። ፈሪ ሴት ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ “አስካለ የራሷን ጥላ ማነህ ትለዋለች” እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከሱ ሞት በኋላ ደግሞ ትልቁ ልጄ በፊተኛው ዙር ወደ ሰሜን ሄደ። ስምንት ወር ጻፈልኝ፣ ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ “ግዳጅ ላይ ነው” አሉኝ። በሌላ ጊዜ ስጠይቅ ያንኑ አሉኝ። በሦስተኛው አልጠየቅሁም። ደጉ ሲጠራ ግን፣ ይህን እንኳ አልሰጥም አልኩ።

ሐሮ ወንጪ፣ የወንጪ ሐይቅ ማለት ነው፣ የሟች እህቴ ባል ኦቦ ገመቹ አለ፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል። ከሐይቁ መካከል ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ድረስ ልጅ ፍለጋ የተሻገረ ታጣቂ የለም ይባላል። ደጉን እዚያ ለማድረስ ነበር የወጣነው።

ስለ መኪናውና ስለ ቤንዚኑ

መኪናው የኦቦ ደበላ ነው፤ ሸራ የለበሰ አሮጌ ላንድሮቨር። ኦቦ ደበላ የባለቤቴ ጓደኛ የነበረ እህል ነጋዴ ነው። ከአምቦ ጤፍና ጨው ያወጣል፣ ከወንጪ ድንችና ገብስ ያወርዳል። መንዳት እንጂ መፍታት አይሆንለትም። የመኪናው ሐኪም ልጄ ነበር፤ ደጉ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ካለ ጋራዥ ነው የሚሠራው። እሱ ኮርኒስ ከወጣ ወዲህ መኪናውን የነካው መካኒክ የለም፤ የጋራዡም ሌሎች ልጆች ዘምተዋል።

ቤንዚን በኩፖን ነው። የኦቦ ደበላ የወሩ ድርሻ ተሟጦ የቀረው አሥራ አምስት ሊትር ነበር። የነዳጁ መቁጠሪያ መርፌ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያለውን ክዳን ከፍቶ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነክርበታል። እንጨቱ በቢላ የተቀረጹ አሥራ አምስት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ሊትር ነው።

“ይበቃናል?” አልኩት።

“ደጉ ሲይዛት ለደርሶ መልሱ አሥር ይበቃ ነበር” አለኝ። “ከሰሞኑ ግን ይህች መኪና ጠጪ ሆናለች። እኔ እንኳ የምጠጣው የገበያ ቀን ብቻ ነው።”

ከኋላ ባሉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች መካከል ለደጉ አንጥፈን አስተኛነው። በላዩ ሳንቃ አጋደምን፣ በሳንቃው ላይ ስድስት ጆንያ ጫንን። ከፊት ወንበር ጀርባ የእጅ መዳፍ የምታሾልክ ክፍተት ተውንለት። በዚያች በኩል ትንሽ ቆሎና ውሃ ሰጠሁት። “እማዬ፣ አሁን ዝም በይ፤ እየተንቀጠቀጥሽ ወንበሩን ታናውጪዋለሽ” አለኝ።

ኬላው፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ከከተማው መውጫ ገመድ ተዘርግቷል። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦም አቅንቶም አየው። “ተዝካሩ የማን ነው?” አለኝ። የእህቴ ነው አልኩ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ እህቴ የሞተችው በኅዳር ነው። ጤፉን በእጁ ዳሰሰና፣ “ለተዝካር ስድስት ጆንያ? ሀገር ልትጠሪ ነው?” አለ።

ኦቦ ደበላ ጣልቃ ገባ። “አራቱ የኔ ንግድ ነው፤ ሁለቱ የሷ። ሙታን እንዲህ አይበሉም፤ የሚበሉት ዘመዶቻቸው ናቸው።”

ጠባቂው ሳቀ፣ ገመዱን ለቀቀ። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ዳገቱ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ከአምቦ ወደ ደቡብ መንገዱ ሜዳውን ሳይጨርስ መውጣት ይጀምራል። የመውቂያ ወቅት ስለነበር በግራና በቀኝ አውድማ ነው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ የጤፍ እብቅ እንደ ጭጋግ መንገዱን ይሸፍናል። የመኪናው መስተዋት ቢጫ ሆነ። ጥርሳችን ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ኋላ የተኛው ልጄ እንዳያስነጥስ እያልኩ በልቤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ መኪናው መልፈስፈስ ጀመረ። ኦቦ ደበላ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያም አንደኛ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይሄድም። በእግሩ የሚወጣ አህያ ነጂ አልፎን ሄደና ዞሮ፣ “ላግዛችሁ?” አለን። ከኋላችን የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው፤ ከሩቅ ተራራ ለሚያይ ሁሉ ‘እዚህ ነን’ የሚል ይመስል ነበር። የቤንዚን ሽታ ራሴን ፈለጠኝ።

ሁለተኛው ዳገት አጋማሽ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ቆምን። ኦቦ ደበላ እንጨቱን ነከረና ብድግ አድርጎ በፀሐይ አየው። ከዚያ ለኔም አሳየኝ። እርጥቡ ዘጠነኛው መስመር ላይ ነው። ከግማሽ በታች መንገድ ስድስት ሊትር በልተን ነበር፤ የቀረው ደግሞ ከባዱ ዳገት ነው።

“በዚህ አኳኋን አንደርስም፣ አዴ አስካለ” አለኝ። “ብንደርስም አንመለስም። ወንጪ ላይ ቆመን ብንገኝ፣ መኪናዋን ማን አመጣት፣ ለምን አመጣት ይባላል። እንመለስ።”

ብንመለስ ያው ኬላ ነው፣ ያው ጆንያ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳይራገፍ አያልፍም። ይህን ነገርኩት። ጄሪካኑን አንሥቶ፣ “ለጊዜው ውሃ ላምጣ” ብሎ ወደ ጅረቱ ወረደ። ጅረቱ ሩቅ ነበር፤ ባርኔጣው ከቁጥቋጦው በታች ጠፋ።

ልጄ ከጆንያው ሥር

“እማዬ” አለኝ ደጉ በክፍተቷ። “ጭሱ ምን ዓይነት ነው?”

“ጥቁር። ከሰል ነው።”

“አየር አጥሮታል ማለት ነው። ቤንዚኑ ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አይደርሰውም። ስለዚህ ግማሹን ሳያቃጥል ይተፋዋል፤ ጉልበት የለውም፣ ነዳጅ ይበላል። የአየር ማጣሪያውን ዘይት ማን ቀየረው?”

ቄስ በንስሐ ሲጠይቅ እንኳ ጥያቄ እንዲህ አይከብድም። የሆነው ይህ ነው። ደጉ ኮርኒስ በወጣ በሦስተኛው ቀን ኦቦ ደበላ ቤቴ መጣ፤ ልጁ የት እንዳለ ያን ጊዜ ለሱም አልነገርኩትም ነበር። ማጣሪያው በየአሥራ አምስት ቀኑ ታጥቦ አዲስ ዘይት ይደረግበት እንደነበር፣ አሁን ግን የሞተር ዘይት ከከተማው እንደጠፋ ነገረኝ። እኔ ኑግ አስጨምቄ እሸጣለሁ። እንግዳው ቶሎ እንዲሄድልኝ ፈለግሁ፤ ኮርኒሱ በእያንዳንዱ ንፋስ የሚንቋቋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ሰጠሁትና፣ “ይኸው፣ ከሞተሩ ዘይት ይኸኛው ይጠራል” አልኩት። ተደስቶ ሄደ።

ለደጉ ነገርኩት። ከዚያ ጆንያዎቹ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ ይስቅ ኖሯል።

“ወጥ ሠራችሁበት በይኛ።”

“ዘይት ጠፍቶ ነው፣ ደጉዬ።”

“የኑግ ዘይት ንፋስ እየነካው ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። የምትቀጂበት ጠርሙስ አፉ ላይ አላየሽውም? ያው ነው። እብቁ ሁሉ ሙጫው ላይ ተለጥፏል፤ መኪናው አፍንጫው ተደፍኖ ነው ዳገት የሚወጣው።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንቺ ነሽ የምትፈቺው። እኔ እነግርሻለሁ።”

በሕይወቴ የመኪና ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። ኦቦ ደበላ እስኪመለስ ልጠብቅ አልኩት። ጭጋጉ ከቀትር በፊት ከላይ ስለሚወርድ ጊዜ እንዳላጠፋ ነገረኝ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ካቻቢቴ፣ ጣሳና የላስቲክ ቱቦ አወጣሁ፣ ኮፈኑን ከፍቼ በብረቱ ደገፍኩት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እየተመላለስኩ የማየውን እነግረዋለሁ፣ እሱ የማደርገውን ይነግረኛል። ድስት የመሰለ ጥቁር ክብ ቆርቆሮ አለ፤ እሱ ነው ማጣሪያው፣ መካኒኮቹ ዲፕራተር የሚሉት። ከሱ እንደ ክንድ የታጠፈ ጎማ ወጥቶ ካርቡሬተሩ ላይ ይገባል። ጎማውን የያዘውን ብረት ቀለበት በካቻቢቴ አላልቼ ነቀልኩት። እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያላትን ብሎን በእጄ ፈታሁ። ቆርቆሮው ጣቴን አቃጠለኝ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ አነሣሁት።

ውስጡን ሳየው አፈርኩ። ዘይት የሚባል የለም። ያቀረረ ተልባ የመሰለ ጥቁር ልጥልጥ ነው፣ እብቅ የሞላበት። ከላዩ የተጎነጎነ ሽቦ አለ፤ አየሩ የሚያልፍበት እሱ ነው ተብያለሁ። ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባየው አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ድፍን ነው።

“በዱላ ጫሪው” አለኝ ደጉ። “ሙጫው ግን በዱላ አይለቅም። አንድ ጣሳ ቤንዚን ያስፈልጋል።”

“ከዘጠኝ ሊትር ላይ?”

“ካላጠብሽው ዘጠኙም ለምንም አይሆንም። በላስቲኩ ሳቢ፤ አፍሽ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። ከሞተሩ ርቀሽ እጠቢው፣ ሞተሩ ትኩስ ነው።”

ላስቲኩን ስስብ አፌ ገባ። ተፋሁት፣ ግማሹ ግን በጉሮሮዬ ወረደ። ዓይኔ እያነባ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ሊትር በማይሞላ ቤንዚን ሽቦውን እንደ ሕፃን ጭንቅላት አጠብኩት፤ በእንጨት ፈለቀቅኩት፣ ደግሞ አጠብኩት፣ አራገፍኩት። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆነ።

“ወደ ሰማይ አንሥተሽ እዪ። ብርሃን ካሳለፈ አየርም ያሳልፋል።”

አነሣሁት። በሽቦው መካከል ሰማዩ ተቆራርጦ ታየኝ። “ያሳልፋል” አልኩት።

“ዘይት አታድርጊበት። ከዚህ በላይ አውድማ የለም፣ መሬቱም ጠል አለው። ዛሬ ባዶውን ይሂድ። ግጠሚውና ቀለበቱን አጥብቂ፤ ከላላ አቧራውን በጎን ይስባል።”

ቀለበቱን ሳጠብቅ ከጀርባዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ።

ታጣቂው

የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጠመንጃውን እንደ ቀንበር በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎበታል።

“አካም ጅርቱ፣ አዴ?” ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

“ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን።”

“መኪና የምትፈታ ሴት ዛሬ አየሁ። መሠረተ ትምህርት ይህንንም ያስተምር ኖሯል? እኔ ሀ ሁ ላይ ጥዬው ወጣሁ።”

“ሹፌሩ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነው።”

“እሱ ውሃ ይቀዳል፣ አንቺ ሞተር ትፈቺያለሽ። ቤታችሁም እንዲህ ነው?”

“ባሌ አይደለም።”

ወደ መኪናው ኋላ ዞረ። ሸራውን ገለጠና ጆንያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ።

“ከማን ጋር ነበር ስታወሪ? ከታች ድምፅ ሰምቻለሁ።”

“ከመኪናው ጋር” አልኩት። ሌላ የመጣልኝ ነገር አልነበረም።

“እናቴም ከላሟ ጋር ታወራለች። መለሰልሽ?”

“እስካሁን አልመለሰልኝም።”

ያን ጊዜ ኦቦ ደበላ ጄሪካኑን ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ታጣቂውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው ግን በኦሮምኛ ሰላምታ አዥጎደጎደ፤ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የአዝመራውን ጤና ጠየቀ። ታጣቂው ሁሉንም መለሰና፣ ከላይ ካለው መንደር እንድናደርሰው ጠየቀን። እምቢ የሚባል አልነበረም። ከፊት እንዲቀመጥ ለመንኩት፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ አልኩ። “እናት ከኋላ አትጫንም” ብሎ ዘልሎ ጆንያው ላይ ወጣ። ሳንቃው ሲያቃስት ሰማሁ። ልጄ ከሱ ሥር ነበር።

የመጨረሻው ዳገት፣ አምስት ሰዓት

ኦቦ ደበላ ውሃውን ሞልቶ ሞተሩን አስነሣ። ድምፁ ተለውጧል። የቅድሙ ጩኸት የለም፤ በደረቱ የሚናገር ሰው ድምፅ ሆኗል። ጭሱን ዞሬ አየሁ፤ ከጥቁሩ ምንም አልቀረም። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርነው፣ አጋማሹ ላይ ሦስተኛ አስገባ። ያን አህያ ነጂ ደርሰን አለፍነው። ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ምን አደረግሽው?” አለኝ፤ ታጣቂው እንዳይሰማ በዓይኔ ዝም አሰኘሁት።

መሬቱ እየተለወጠ ሄደ። ጤፍ ቀረ፣ ገብስ መጣ፣ ከገብሱም በኋላ በየቤቱ ጓሮ እንሰት። ጥድና ኮሶ መንገዱን አጨለሙት። ብርዱ በሸራው ቀዳዳ ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያን አገር አይቼ አልጠግብም ነበር። ያን ቀን ያየሁት በኋላዋ ትንሽ መስኮት የሚታዩትን ሁለት የጎማ ጫማዎች ብቻ ነው፤ ሳንቃው ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጋ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ከጥዱ መካከል ሳለን ደጉ ሳለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የታፈነ ሳል። ወዲያው እኔ ጀመርኩ። ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ማቆም እስኪያቅተኝ ሳልኩ፤ የዋጥኩት ቤንዚን አግዞኝ መጨረሻው እውነተኛ ሳል ሆነ።

ታጣቂው በመስኮቱ አጎነበሰ። “ሁለት ሰው ነው የሳለው?”

“ሁለት ነን” አለ ኦቦ ደበላ መንገዱን እያየ። “እሷ ቤንዚን ጠጥታ ነው። እኔ ባለመጠጣቴ ነው።”

ታጣቂው ሳቀና ወደ ኋላ ተመለሰ።

መንደሩ መገንጠያ ላይ ወረደ። ወደ እኔ መስኮት መጥቶ ጠመንጃውን እንደገና በትከሻው አጋደመ። “ጤፍሽ ይሞቃል፣ አዴ” አለኝ። “ሳይደርቅ የተከተተ ጤፍ እንዲህ ነው። ቶሎ ብለሽ አራግፊው፣ ይበላሽብሻል።” ከዚያ “ዋቅ ሲ ሃ ኤጉ” ብሎኝ፣ እግዜር ይጠብቅሽ ማለቱ ነው፣ ወደ ኋላው ሳያይ ሄደ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ቀን ግን ካወቀ ምን ያደርግ ይሆን እያልኩ እስከ ሐይቁ ድረስ ወደ ኋላ ስዞር ነበር።

ሐሮ ወንጪ

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሐይቁ አፋፍ ደረስን። ጭጋጉ ከኛ ቀድሞ ደርሶ ውሃውን ሸፍኖታል። ኦቦ ገመቹ ፈረስ ይዞ ይጠብቀናል። ጆንያዎቹን አውርደን ደጉን ስናወጣው እግሩ አልታዘዘውም፤ በሁለት ወገን ደግፈን አቆምነው። ፊቱ በእብቅ ነጭ ሆኖ፣ የስድሳ ዓመት ሰው መሰለኝ። ትከሻው ላይ የሳንቃው ጠርዝ ቆዳውን ልጦታል።

ደጉ በፈረሱ፣ እኛ በእግር ወደ ታች ወረድን። የኦቦ ገመቹ ቤት ቆጮና የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበልን። ደጉ ብዙ በላ፤ እኔ የቤንዚኑ ሽታ አላስበላኝም። ደጉ ሲበላ ኦቦ ገመቹ የልጁን እጅ ያያል።

“ይህ የዲያቆን እጅ አይደለም” አለ በመጨረሻ። “ለካህናቱ ዳዊት ሊማር የመጣ ነው ብያለሁ። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ምንድነው?”

የመኪና ዘይት ነው፤ አራት ዓመት የገባ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ የልጄን እጅ በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት። ቆዳው ቀላ፣ ጣቶቹ ደሙ፤ ጥቁሩ ግን ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። “ተይው፣ እማዬ፣ ጥፍሩ ሲያድግ እቆርጠዋለሁ” አለኝ። ጋራዡ የወደደው ሥራው ነበር። የሥራውን ምልክት በእጄ የምፍቅለት እኔ ሆንኩ።

ኀሙስ ጠዋት ታንኳው ውስጥ ገባ። የኔን ነጠላ ሰጥቼው እንደ ተማሪ አጣፍቶታል። አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅሁ። እሱ ወደ ኦቦ ደበላ ዞረና፣ “የሞተር ዘይት ካላገኘህ የተቃጠለውንም ቢሆን በጨርቅ አጥልለህ አድርግበት። የመውቂያ ወቅት እስኪያልፍ በሳምንት አንዴ እጠበው። ኑግ ግን በፍጹም” አለው። ከዚያ ለኔ፣ “ቀለበቱን ጥሩ አጥብቀሻል፤ ከሥር ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ” አለኝ። ኦቦ ገመቹ ቀዘፈ። ጭጋጉ ቶሎ ነው የወሰዳቸው፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ትንሽ ቆየ።

መልስ

ቁልቁለቱን ሁለት ጆንያ ገብስና ድንች ጭነን ወረድን። ኦቦ ደበላ በየቦታው እየቆመ እንጨቱን ይነክራል፤ ደስታው እንደ ሕፃን ነው። ከመታጠቡ በኋላ ዳገቱን በአራት ሊትር ብቻ ጨርሰነዋል። ቁልቁለቱንም ጨምረን ኬላው ጋ ስንደርስ እርጥቡ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። “ሁለት ሊትር ተርፎናል፣ አዴ አስካለ” ይለኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። የኬላው ጠባቂ ተዝካሩ እንዴት ነበር አለኝ። “ደኅና ነበር” አልኩት።

ቤቴ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እጄን ሳልታጠብ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ገባች። አጥር የምንጋራ፣ ባል የሌላት፣ ከአንድ ልጇ ከብርሃኑ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ብርሃኑ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ይማራል። ፊቷ አብጧል። ትናንት ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ እንደወሰዱት ነገረችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ይህን ያዢ ብለው ወረቀት ሰጥተዋታል። እሷ ማንበብ አትችልም፤ መሠረተ ትምህርቱን ሁለት ቀን ሄዳ ትታዋለች።

“አንብቢልኝ፣ አስካለ። ወዴት ወሰድነው ይላል?”

ወረቀቱ የጥሪ ወረቀት ነው። ወረቀት ስለቸገረ ለሌላ ሰው የተጻፈውን ደግመው ተጠቅመውበታል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው በቀለም ተሰርዟል፤ ስርዙ ግን ቀጭን ነበር፣ ከሥሩ ያለው ይነበባል። የደጉ ስም ነው፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ከላዩ በትንንሽ ፊደል የብርሃኑን ስም ጽፈዋል። ሌላው መስመር ሁሉ አልተነካም፤ ዕድሜው እንኳ አሥራ ዘጠኝ እንዳለ ነው።

“ብርሃኑ ይላል” አልኳት። “ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቷል ይላል። ወዴት እንደሆነ አይልም።”

“ዕድሜው ልጅ ነው አልኳቸው። አሥራ ሰባት ነው አልኳቸው። አልጻፉም?”

“አልጻፉም” አልኳት።

እጄን ያዘችና ጥቁሩን አየች። “ምን ነክቶሽ ነው?” አለችኝ። መኪና ተበላሽቶብን ነው አልኳት። ውሃ አምጥታ ታስታጥበኝ ጀመር። ልጇ በተወሰደ በማግስቱ፣ በራሷ እጅ፣ በሳሙናዋ።

ጉዞ ያስተምራል ይላሉ። የኔ ጉዞ ያስተማረኝን እጽፋለሁ። የታፈነ ሞተር ነዳጅ ቢሞሉለት ዳገት እንደማይወጣ ተማርኩ፤ የአየር ማጣሪያ ፈትቼ አጥቤ መግጠም ተማርኩ፣ ዛሬም እችላለሁ። ልጄን የምደብቀው ከመንግሥት መስሎኝ ነበር። ለካስ ዝርዝሩ ላይ ባዶ መስመር አይተውም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ይህንን በሄድኩበት መንገድ ማንም አልነገረኝም፤ ቢነግረኝስ መኪናውን አስመልሰው ነበር ወይ? አላስመልስም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ መልስ ነው።

ደጉ ዘመኑ ሲለወጥ ከደሴቱ ወርዶ ጋራዡ ገብቷል። ብርሃኑ አልተመለሰም። በዚህ ክረምት የተበተኑት ወታደሮች በአምቦ መንገድ ባዶ እግራቸውን ሲያልፉ ጥሩነሽ እንጀራና ውሃ ይዛ ዳር ትቆማለች፣ እያንዳንዱን ፊት ታያለች። ጠዋት ጠዋት ደጉ ወደ ሥራ ሲያልፍ ትመርቀዋለች። ይህን ሁሉ ልነግራት ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። ስላቃተኝ ጻፍኩት። ሌላው ሰው ያነበዋል፤ እሷ ግን የተጻፈ ነገር ሲደርሳት አንብቢልኝ ብላ የምትመጣው ወደ እኔ ነው።